ቃለ ጉባኤ

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ሰዓቱም በእጄ ነው፣
ሦስት ደቂቃ ብቻ ለአንድ ሰው የምሰፍረው።
አረንጓዴው ሲበራ ሰው ቃሉን ይጀምራል፣
ቢጫው ላይ ይጣደፋል፣
በቀዩ ዓረፍተ ነገሩ ከወገቡ ይሰበራል።

ዌስት ቨርጂኒያ ናት፣ ከተራራ ጉያ ያለች አንዲት ሸለቆ፣
ከሰሏ ተሟጦ፣ ሕዝቧ እንደ ሳሙና በየዓመቱ አልቆ፣
የቀራት አንድ ትምህርት ቤት፤
እሱም አጀንዳ ላይ ሰፍሯል፣ ተራ ቁጥር ሰባት፣
«የሕንጻ አጠቃቀም» የሚል
የክት ልብስ አልብሰው ሊቀብሩባት።

የቅርጫት ኳስ ሜዳው አርባ ወንበር ይዟል፤ ሰው ግን ዘጠኝ ብቻ፤
አሮጊቷ ሚስ ኦፓል ሹራብ ትሠራለች ከማሞቂያው ዳርቻ።
ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ፣ «ወላጅ ወዴት ገባ?» አለኝ በሹክሹክታ።
የጥሪውን ወረቀት የምጽፈው እኔ ነኝ፤
ሁሌም ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነበር፤ የዛሬው ብቻ ማታ፣
ያውም ቀን አዳራሹን ስለያዘው ነው የጡረተኞች ቢንጎ ጨዋታ።

ዴልማር ስቲድሃም ገባ፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣
የመንገድ በረዶ ሲያቀልጥ የዋለበት ጨው ቦቲው ላይ ነጥቶ።
የደረሰው ወንበር አንድ እግሩ ላልቷል፤ ሲነኩት ያነክሳል፤
ባዶ ሞልቶ የለ? ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ይነሣል።
እሱ ግን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስተኛው፣
ሰንጢ አወጣና ብሎኑን አጠበቀ፤
«የማን ነው?» አላለም፣ ፈቃድ አልጠየቀ።

ስሙን ጠራሁ። አረንጓዴው በራ።
ዝም አለ።
አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ዳገት ሥር ቆሞ ማርሽ እንደሚቀይር
የተጫነ መኪና ያለ።

«ንግግር አልችልም» አለ። «ልጅ አለችኝ፤ ታንዚ ናት፤
ሂሳብ የሚያስተምራት ዘንድሮ አራተኛ ተተኪ ነው የመጣላት፤
አራቱም ‹ገጽ አንድን ግለጪ› አሏት።
መደመር ትችላለች፤ ማካፈል ላይ ሳይደርሱ ጥለዋት ይሄዳሉ፤
እሱን እንኳ ከናንተ ትማር ይሆናል፣
ልጆቹን ለሦስት ከተማ ስታካፍሉ።
ነርሷ ማክሰኞ ናት። የልጄ ሳንባ ግን ቀን መቁጠሪያ አያነብም።
‹ወላጅ ይሳተፍ› ትላላችሁ፤
ወንዙ ሞልቶ የገባውን ውኃ ሌሊቱን በባልዲ ቀድተን አወጣን፤
ያን ተሳትፎ ብሎ ማንም አያስብም።»

ቢጫው በራ።

«ብትዘጉት፣ አውቶቡሱ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ያነሣታል ከደጄ፤
ተራራውን ዞሮ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።
ያን መንገድ ጨው የምረጨው እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።
ከድንጋይ ካባው ቀጥሎ አንድ መታጠፊያ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ጨው አይዘውም።
እኔ አውቀዋለሁ። እናንተ አታውቁትም።»

ቀዩ በራ። ደወሉን መምታት ነበረብኝ፤ ጣቴ ግን ደነዘዘ፣
እሱም የዚያችን መታጠፊያ ነገር በዝግታ መዘዘ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት። ይዘጋ።
«አመሰግናለሁ» አለ፣ ዕዳ እንደከፈለ ሰው፤ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ፤
ውጭ በረዶው ይወርዳል፣ መንገዱ ሳይነጋ
ጨው ይፈልጋል።

እኔም መዝገቡን ሞላሁ፦
«አንድ ወላጅ ተናገረ። ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።»
«የወሰደው ጊዜ» በሚለው ዐምድ «ሦስት ደቂቃ» አልኩ። ሰባት ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ በእጄ የወጣ ሐሰት ይኸው አንድ፤
ቀለሙም ደረቀ።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ወንበር መሰብሰብ የኔው ድርሻ ነው፤ በየተራ
ሠላሳ ዘጠኙን ደረደርኩ። ደረሰ የእሱ ተራ።
ተቀመጥኩበት።
በሰኔ በሚዘጋ ቤት ውስጥ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ
ገፋሁት።
አልነቃነቅ አለኝ።